ክርስትና በጓዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ክርስቲያናዊ ሕይወት ሲነገር ቶሎ ብሎ በሐሳባችን የሚመጣው ቤተ መቅደሱ፣ ማኅሌቱ፣ የቅዳሴው ሰዓትና የመዝሙሩ ጥናት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሳምንቱ 168 ሰዓቶች ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የምናሳልፋቸው ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት በትምህርት ገበታ፣ በሥራ፣ በመንገድና በቤት ያልፋሉ። ከቤትም ውስጥ በዓል ሆነ ዘወትር፣ ጾም ሆነ ፍስክ፣ ሥራ የማይቋረጥበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ጓዳችን፣ ማድ ቤታችን ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ እሑድ ጠዋት በመቅደስ ቆመን የምንመሰክረው እምነት፣ ድስቱ በተጣደበት ስፍራ ይታያልን? ምን እንበላለን ከሚለው ይልቅ፣ ማን ያበስላል? ማን ይደክማል? ማንስ ከማዕዱ ይጎድላል? የሚለውን አብረን እንድንመረምር እንወዳለን።

1. እግዚአብሔር ማድ ቤትን አልናቀም

አንዳንድ ሰው ምግብ የሥጋ ነገር ነውና ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር አይገናኝም ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስተምረንም።

አባታችን አብርሃምን እንመልከት። በዘመኑ ታላቅ ባለጸጋ ነበረ፤ ሎጥን ለማስጣል በወጣ ጊዜ በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎችን እንዳስከተለ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 14 ተጽፏል። ይህን ያህል ሰው የሚታዘዘው ባለጸጋ፣ በምዕራፍ 18 ላይ በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶች በመጡበት ጊዜ ተቀምጦ በማዘዝ ብቻ አልተወሰነም። በቀትር ፀሐይ ራሱ ሮጠ። ሣራን ዱቄት ለውሳ እንድትጋግር ነገራት፤ ወደ ከብቶቹም ሄዶ ጥጃውን በራሱ መርጦ ለብላቴናው ሰጠ፤ እንግዶቹም ሲበሉ በአጠገባቸው ቆሞ አስተናገደ። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ማዕድ ሥላሴ በአብርሃም ቤት እንደተስተናገዱ ታስተምረናለች። እንግዲህ ያ ታላቅ ምሥጢር የተገለጠው ሊጥ ከሚቦካበትና እሳት ከሚነድበት ስፍራ አጠገብ ነው ማለት ነው።

ደግሞም ነቢዩ ኤልሳዕን እናስብ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 እንደምናነበው በጌልገላ ረኀብ በሆነ ጊዜ ደቂቀ ነቢያት በፊቱ ተቀምጠው ነበር። እነዚህ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው ብንል አንሳሳትም። ነቢዩ ታላቁን ምንቸት እንዲጥዱላቸው አዘዘ። አንዱም ወጥቶ ያላወቀውን የዱር ቅል ለቅሞ ከተተበት፤ በቀመሱትም ጊዜ የሚገድል መሆኑን አውቀው ጮኹ። ኤልሳዕ ግን እናንተ የነቢያት ልጆች ስለ ሆድ ለምን ትጮኻላችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም፤ ዱቄት አስመጥቶ ጨመረበትና ወጡን ፈወሰላቸው። የተማሪ ድስት ነገር በእግዚአብሔር ነቢይ ዘንድ ቁም ነገር ነበረ።

ከሁሉም በላይ ልብን የሚነካው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 የተጻፈው ነው። ጌታችን ሞትን ድል አድርጎ ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለሰባት ደቀ መዛሙርት ተገለጠ። ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ወደ ምድር በወጡ ጊዜ ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ለደከሙ ዓሣ አጥማጆች ቁርስ አሰናዳ! ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን በካደበት ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ ይሞቅ የነበረው የፍም እሳት ነበር። ግልገሎቼን አሰማራ የሚለውን አደራ የተቀበለውም ከሌላ ፍም አጠገብ፣ ከቁርስ በኋላ ነው። ጌታ አስቀድሞ አበላው፣ ከዚያም ጠየቀው። ሰውን መምከር ለምንወድ ለእኛ ለወጣቶች ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ትምህርት አለው።

2. ማርታ የተገሠጸችው በምን ነበር?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ስለ ማርታና ስለ ማርያም የተጻፈውን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ከዚህም የተነሣ የማድ ቤት ሥራ ዝቅ ያለ፣ ቃለ እግዚአብሔር መስማት ብቻ ከፍ ያለ ነው የሚሉ አሉ። ቃሉን በማስተዋል ስናነበው ግን ጌታችን ማርታን ለምን አበሰልሽ አላላትም። የነቀፈባት በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው። አንድ የሚያስፈልግ ነገር እያለ ማዕዱን ከማብዛትዋ የተነሣ ልቧ ተከፋፈለ፤ በእኅቷም ላይ እስከማጉረምረም ደረሰች።

ለዚህም ማስረጃችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ይገኛል። አልዓዛር ከሞት ከተነሣ በኋላ ጌታ ወደ ቢታንያ በመጣ ጊዜ እራት አዘጋጁለት፤ ማርታም ታገለግል ነበር። አሁንም ቆማ ታስተናግዳለች፤ ነገር ግን ስትጨነቅና ስትከስስ አናያትም። እንግዲህ ማርታ ሥራዋን አልተወችም ማለት ነው፤ የተለወጠው ልቧ ነው። እኛም ከዚህ የምንማረው፣ ማዕድ በቀለለ መጠን ልብ እንደሚቀልል ነው። አምስት ዓይነት ወጥ ለመሥራት ሲባል ጸሎቱ ከታጎለ፣ ቤቱም በቁጣና በጩኸት ከተሞላ፣ አንዱ ወጥ በሰላም ቢበላ ይሻላል።

3. ጾም ወይስ የጾም ድግስ?

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል እንከለከላለን፤ እስከ ተወሰነው ሰዓትም ከመብልና ከመጠጥ እንቆያለን። የዚህ ሥርዐት ዓላማ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት፣ ለጸሎት ጊዜ ማግኘትና ለድሃ ማዘን ነው።

ዛሬ ግን በከተማችን የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ክትፎ የሚባል ነገር በዝቷል። እነዚህን መብላት ሥርዐት ማፍረስ ነው አንልም፤ የሰውንም ሳህን ለመመርመር አልተሾምንም። ነገር ግን የጾም ምግባችን ከፍስኩ የበለጠ ዋጋ የሚያስወጣ፣ የበለጠም ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ ያተረፍነው ምንድን ነው? ቅቤው ቀርቶ ምኞቱ እንዳለ ከተቀመጠ፣ የተለወጠው የምግቡ ስም ብቻ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም የታሰረውን መፍታትና እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን አስተምሯል። ከጾም የሚተርፍ ነገር ካልተገኘ ለተራበው የሚቆረሰው ከየት ይመጣል?

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዋልድባ ገዳም መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እኛ በከተማ ያለን ወጣቶች እዚያ ማዕረግ ላይ አንደርስ ይሆናል። ለሁላችንም የሚቻል ምሳሌ ግን በየቤታችን አለ፤ እርሱም የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ነው። ስንዴና የባቄላ ክክ ተቀቅሎ ጨው ጣል ይደረግበታል፤ ሌላ ነገር የለውም። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ በችኮላ የበሉትን እያስታወስን እንድንበላው አባቶች አስተምረውናል። በዚያ ቀን የባለጸጋውም የድሃውም ቤት ማዕድ አንድ ይሆናል። በዓመቱ ከሚከበሩት ቀኖች እጅግ ከፍ ያለው ሳምንት ከሁሉ በቀለለ ምግብ መከበሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ሦስቱ ደቂቅና ነቢዩ ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተማሪዎች ነበሩ። የንጉሡን ማዕድ ትተው ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ቢቀምሱ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ያማረ ሆኖ ተገኘ። ጥራጥሬ የድህነት ምልክት ነው ብለን የምናፍር ተማሪዎች ካለን ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን እናንብብ።

4. የማን ቅዳሴ ይቀራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በብዙ ክርስቲያን ቤት እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አንዲት ልጅ ማድ ቤት ትቀራለች። ከገጠር የመጣች ናት፤ እንደ እኛ በ80 ቀንዋ ተጠምቃለች፤ በአንገቷም እንደ እኛ ማተብ አለ። ቤተሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ወጡ ደርሶ፣ ቡናው ተቆልቶ መገኘት ስላለበት ግን የእርሷ ቅዳሴ ይቀራል። በዚህ እሑድ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለውም፣ በሚመጣውም እንዲሁ ነው። በሌላው ቤት ደግሞ እንዲህ የምትቀረው እናት ናት። ልጆቿን ለሰንበት ትምህርት ቤት አልብሳ ትልካለች፤ እርሷ ግን ጢስ ላይ ናት።

እግዚአብሔር ስለ ሰንበት ባዘዘበት ትእዛዝ አገልጋዮች በስም ተጠቅሰዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 እንደተጻፈው አገልጋይህና አገልጋይትህ እንደ አንተ እንዲያርፉ የሚል ትእዛዝ ነው፤ ምክንያቱም ተነግሯል፦ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና። እንግዲህ የእኛ ሰንበት በሌላው ድካም የሚከበር ከሆነ ትእዛዙን በግማሽ ይዘን በግማሽ ለቀነዋል ማለት ነው።

የጢሱም ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ከሚበስልበት እሳት የሚወጣው ጢስ ለሳንባና ለልብ በሽታ መንሥኤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ከእንዲህ ያለ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ስለዚህ በከሰልና በእንጨት በሚበሰልበት ቤት ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን ወጥ በግማሽ ሰዓት በሚደርስ ወጥ መለወጥ ለምታበስለው እህት ጤናም ነው። ፍቅረ ቢጽ ማለት አንዱ እንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ለወንድሞች የምንለው አለ። በአገራችን ወንድ ልጅ ማድ ቤት ሲገባ የሚሥቁ ሰዎች አሉ። በጽዋ ማኅበርና በጉባኤ ጊዜም እህቶች ሽንኩርት ሲልጡ ወንድሞች ተቀምጠው ትምህርት ሲሰሙ ይታያል። ነገር ግን ቆም ብለን እናስተውል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ከሁሉ የከበረው ኅብስት የሚጋገረው የት ነው? በቤተልሔም ነው። የሚጋግሩትስ እነማን ናቸው? የተሾሙ አገልጋዮች ናቸው። ለመሥዋዕት የሚሆነውን ሊጥ ማቡካትና መጋገር ለዲያቆን ክብሩ ከሆነ፣ ለእናቱ ሽሮ ማማሰል እንዴት ውርደት ይሆናል? ጥቅምት 17 ሹመቱን የምናከብርለት ቅዱስ እስጢፋኖስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው አስቀድሞ የተመረጠው ለማዕድ አገልግሎት ነው። መበለቶች በዕለት ማዕድ እየተዘነጉ ነበርና መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ተሾሙ። ማዕድን በትክክል ለማካፈል መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው አስፈለገ!

5. ቀላል ማዕድ እንዴት ይሰናዳል?

ምክር ብቻ እንዳይሆን የሚሠራውን እንናገር። እስራኤል በምድረ በዳ በስድስተኛው ቀን እጥፍ መና እየሰበሰቡ፣ የሚጋገረውን ጋግረው፣ የሚቀቀለውን ቀቅለው ለሰንበት ያሳድሩ ነበር። እኛም ከዋዜማው ብናሰናዳ በማግሥቱ ማንም ከቅዳሴ አይቀርም። እንጀራው ቀድሞ ይጋገር። ባቄላ ወይም ሽንብራ ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ይቆጥባል። የምስር አዚፋ ከዋዜማው ተሠርቶ ቀዝቅዞ ስለሚበላ ለእሑድ የተመቸ ነው። ተልባና ሱፍም ቀድመው ከተዘጋጁ እንጀራ ፈትፍቶ ለማቅረብ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ቤት ተከራይተው በጋራ ለሚኖሩ ወንድሞች ደግሞ ሽሮን የሚያህል ረዳት የለም። አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ በጥቂት ዘይት ማቁላላት፤ ነጭ ሽንኩርት መጨመር፤ አንድ ብርጭቆ ሽሮ ከሆነ በዚያው ብርጭቆ አራት ውሃ ማፍላት፤ ከዚያም ሽሮውን እየነሰነሱ እንዳይጓጉል ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። እሳቱን ቀንሶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል እየተንተከተከ እንዲቆይ ማድረግ፤ በመጨረሻም ጨው ማስተካከል። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይበቃል። ድስቱ ሲንተከተክ ቆሞ የሚያማስለው ወንድም በዚያች ሰዓት አቡነ ዘበሰማያት ቢደግም፣ ወይም አንድ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ቢል፣ ማድ ቤቱ የጸሎት ቤት ሆነ ማለት ነው። እናቶቻችን የመጀመሪያውን እንጀራ ምጣድ ላይ ሲያሰፉ በስመ አብ የሚሉት፣ በሊጡም ላይ በመስቀል ምልክት የሚያማትቡት ይህን ሲያስተምሩን ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር እንጨምር። እንጀራና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ ለሰውነት የተሻለ ገንቢ ምግብ ይሆናሉ። ከምስር ወይም ከጎመን ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢታከል ሰውነታችን በውስጣቸው ያለውን ብረት በተሻለ ይቀበለዋል፤ ቡናና ሻይ ግን ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ይህን ይቀንሱታል። ስለዚህ ቡናውን ጥቂት ማዘግየት ይበጃል። የታመመና ነፍሰ ጡር የሆነች ስለ ጾሟ ከንስሓ አባቷና ከሐኪም ጋር ትመካከር።

6. የተረፈው ለማን ነው?

ማዕዱ ከቀለለ ሦስት ነገር ይተርፋል፦ ጊዜ፣ ገንዘብና ጉልበት። እነዚህ ተርፈው እንደገና ለራሳችን ምቾት ከዋሉ ቁጠባ እንጂ ክርስትና አይሆኑም። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 11 የገሠጻቸው ክርስቲያኖች ለማዕድ ሲሰበሰቡ አንዱ ይጠግብ፣ ሌላው ይራብ ስለነበረ ነው። አባቶቻችንም ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለው ተርተውልናል። ሰንበቴ የሚባለውን መልካም ሥርዐት ያቆዩልን ለዚህ ነው፤ ባለተራው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ነዳዩም ከአንዱ መሶብ ይቀምሳል።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 የተጻፈችው የሰራፕታዋ መበለት የነበራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። ያንኑ ለነቢዩ ኤልያስ ቀድማ ጋገረች፤ ማድጋዋም አልጎደለም። እኛም ከእፍኝ መጀመር እንችላለን። በዐቢይ ጾም በየቀኑ ሽሮ ወይም ምስር ሲወጣ አንድ እፍኝ በተለየ ዕቃ ብናስቀምጥ ከአንድ ቤት በ55 ቀን 55 እፍኝ ይሆናል። ሃያ ቤት ቢተባበር 1,100 እፍኝ ነው። ይህ በትንሣኤ ዋዜማ ለአቅመ ደካሞች ሲታደል የስንቱን እናት ደጅ እንደሚያስከፍት አስቡት። ገንዘብ የለኝም የሚል ተማሪም እፍኝ አያጣም።

ማጠቃለያ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ትልቅ ነገር አልጠየቅንም። ከሚመጣው ሰንበት ጀምሮ በየቤታችን ሦስት ነገር እንድናደርግ ነው። አንደኛ፣ ምግቡ ከዋዜማው ይሰናዳ፤ አንድ ወጥ ይብቃ። ሁለተኛ፣ በቤታችን የምታገለግለው እህት፣ ወይም እናታችን፣ ከእኛ ጋር ነጠላዋን አጣፍታ ትቀድስ፤ ስንመለስም ማዕዱን አብረን እናቅርብ፣ ሳህኑን አብረን እንጠብ። ሦስተኛ፣ ከድስቱ በፊት አንድ እፍኝ ለማናውቀው ወንድማችን ይቀመጥ።

ወላጆቻችን አንድ ወጥ ብቻ ለምን ብለው ቢጠይቁን በክርክር አንመልስላቸው። በትሕትና ሽንኩርቱን ልጠን፣ ውሃውን ቀድተን፣ እናቴ ሆይ ዛሬ አንቺ ቅደሺ እንበላቸው። ስብከታችን ከዚያ ይጀምር። በመቅደስ የሥጋውና የደሙ ማዕድ ለሁላችን እኩል እንደተዘረጋ፣ በቤታችንም ማዕድ ዳር የሚቀር፣ በጢስ ውስጥ የሚረሳ ሰው አይኑር።

በባሕር ዳር ፍም አንድዶ የደከሙትን የመገበ አምላክ ጓዳችንን ይባርክልን፤ የእናቶቻችንንና የእህቶቻችንን ድካም ይቍጠርላቸው፤ እኛንም የቃሉ ሰሚዎች ብቻ ሳንሆን አድራጊዎች ያድርገን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።